የገበሬ ቤት የሒሳብ ደብተር

እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ፣ በመሥሪያ ቤትዎ አንዲት ወንበር እንኳ ያለ ጽሑፍ እንደማትገባና ያለ ጽሑፍ እንደማትወጣ ያውቃሉ። ዕቃው ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፤ ሲወጣ ሞዴል 22 ይፈረማል። የበጀቱ ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይከፈታል፤ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። አንድ ብር የጎደለበት ገንዘብ ያዥ ያቺን አንድ ብር እስኪያገኛት ድረስ እንቅልፍ አይወስደውም። ይህ ሁሉ መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን እርስዎን አሳድጎና አስተምሮ ለዚህ ወንበር ያበቃዎ የገበሬ ቤት፣ ዘንድሮ ስንት ኩንታል እህል እንዳገባ፣ ስንቱን እንደበላ፣ ስንቱን እንደሸጠ፣ ስንት ዕዳ እንዳለበት በየትኛው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል? መልሱን እኔም እርስዎም እናውቀዋለን። ያለው በአባት ልብ ውስጥ ብቻ ነው።

የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነገር ይሆናል፤ ይኸውም በአንድ ትንሽ የቤተ ሰብ እርሻ ላይ ቀላል የሒሳብ መዝገብ ስለ ምን እንደሚያስፈልግና እንዴት እንደሚያዝ ነው። ንግግሩ ለገበሬው ብቻ ሳይሆን ይልቁንም ለእርስዎ የሚሆንበት ምክንያት አለ፤ እሱን በመጨረሻው ላይ እንደርስበታለን።

ነገሩን በደፈናው እንዳንናገር አንድ አገር እንያዝ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከሙከ ጡሪ የሚገነጠለው መንገድ ለሚን አልፎ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ሲወጣ የመርሐ ቤቴ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ዓለም ከተማ ያደርሳል። በዚህ አገር ደጋና ቆላ ተቀራርበው ይገኛሉ፤ ከላይ ጤፍ፣ ከታች ማሽላ ይዘራል። ወደ መንዝና ወደ ግሼ ከፍ ሲሉ ደግሞ የኑሮው መሠረት ገብስና በግ ነው። የአንድ ቤት መሬት በጥማድ የሚቆጠር ሆኖ ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት ቦታ የተበጣጠሰ ነው። አንድ ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ሲሆን፣ በግምት የሔክታር ሩብ ይሆናል። «ለዚህች ለምታህል እርሻ መዝገብ ምን ያደርግላታል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን የምለው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሰፊ እርሻ ያለው ሰው ቢሳሳት ስሕተቱን የሚሸፍንበት ትርፍ አለው፤ አራት ጥማድ ያለው ሰው ግን አንድ ጊዜ ቢሳሳት የሚበላው ዘሩን ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሩን ለማስረጃ ያህል አነሣነው እንጂ የገበያ ዋጋ ለመንገር አይደለም። አንድ ገበሬ ለፋሲካ አደልቦ ሊሸጠው በማሰብ አንድ በግ በ6,000 ብር ገዛ እንበል። ሦስት ወር ሙሉ ቀለበው። ለፉርሽካና ለፋጉሎ ቀስ በቀስ 2,500 ብር፣ ለጨውና ለመድኃኒት 400 ብር አወጣ። በበዓሉ ዋዜማ ዓለም ከተማ አውጥቶ በ8,500 ብር ሸጠው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ጎረቤቱ «በጉ አተረፈልህ ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «ተመስገን፤ 2,500 ብር አተረፈልኝ» ብሎ ይመልሳል። ሰውየው መዋሸቱ አይደለም፤ የሚያስታውሰውን ተናገረ። ነገር ግን ወጪው ሁሉ ሲደመር 8,900 ብር ነው፤ ሽያጩም 8,500 ብር ነው። እንግዲህ አተረፍሁ ያለው ሰው 400 ብር ከስሯል፤ ሦስት ወር ሙሉ ሣር ያጨደበትና ውሀ የቀዳበት ድካም ሳይቆጠር ማለት ነው። ከዚህም የከፋው ነገር፣ አተረፍሁ ብሎ ስለሚያምን በሚመጣው ዓመት ሦስት በጎች መግዛቱ ነው።

የሰው ልጅ ትዝታ ሁለቱን ጫፎች አጥብቆ ይይዛል፤ የተገዛበትን ቀንና የተሸጠበትን ቀን አይረሳም። በመካከል በእጅ በእጅ የወጣው ጥቃቅን ገንዘብ ግን እንደ ወንፊት ውሀ ያልፋል። የደብተር ጥቅሙ ይህ ነው፤ መካከሉን ይይዛል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ይህንኑ ተመልክተው መሆን አለበት።

ስሕተቱ በተቃራኒውም ይመጣል። ሌላው ገበሬ አራት ጥማድ ጤፍ ዘርቶ 12 ኩንታል አገባ እንበል። ለማዳበሪያ 9,000፣ ለአራሚ 4,000፣ ለአጨዳና ለውቂያ ቀን ምግብ 2,000፣ በጠቅላላው 15,000 ብር በጥሬ ገንዘብ አውጥቷል። አምስቱን ኩንታል እያንዳንዱን በ10,000 ብር ሸጦ 50,000 ብር ተቀበለ። የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጆች ልብስ፣ የእድርና የማኅበር መዋጮ ሲከፈልበት ገንዘቡ አለቀ፤ «እርሻ ከንቱ ልፋት ነው፤ እኔስ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ወደ ከተማ እገባለሁ» ይላል። ይሁን እንጂ አራት ኩንታሉ የቤተ ሰቡ እንጀራ ሆኗል፤ አንዱ ኩንታል ለበሬ ኪራይ ተሰጥቷል፤ ግማሽ ኩንታል ለዘር ተቀምጧል፤ አንድ ተኩል ኩንታል ገና በጎተራ አለ። ሰባቱ ኩንታል በገንዘብ ስላልተለወጠ ብቻ ከሒሳቡ ወጥቶ ቀረ። ይህ ሰው ከተማ ገብቶ ያንኑ አራት ኩንታል ጤፍ በገንዘብ መግዛት ሲጀምር፣ ያን ጊዜ እርሻው ምን ይሰጠው እንደ ነበር ይገባዋል፤ ነገር ግን ዘግይቷል።

ከእነዚህ ከሁለቱ ምሳሌዎች የምንማረው፣ የገበሬ ቤት ሒሳብ የብር ሒሳብ ብቻ ሊሆን አለመቻሉን ነው። የብር ሒሳብና የእህል ሒሳብ ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው። በ1494 በአውሮፓ አቆጣጠር ሉካ ፓቾሊ የተባለ የኢጣልያ መነኩሴ በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ የነጋዴዎቹን የሒሳብ አያያዝ ሲያስረዳ፣ የወጣ ነገር ሁሉ የገባበት ቦታ እንዳለው በሁለት ወገን እየተጻፈ እንደሚታይ አሳይቷል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የምንሠራበት የሒሳብ አያያዝ መሠረቱ ይኸው ነው። ለገበሬው ያን ሁሉ ጥበብ ማስተማር አያስፈልግም፤ «ከጎተራ የወጣው ቁና ወዴት ሄደ?» የሚለውን አንዱን ጥያቄ ቢይዝ ይበቃዋል።

እንግዲህ ደብተሩ እንዴት ይያዝ? አንድ ተራ የተማሪ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ በቂ ነው። ደብተሩ በአራት ክፍል ይከፈላል።

አንደኛው ክፍል ያለውን ሀብት የሚያሳይ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ መሬቱ በየቦታው ስንት ጥማድ እንደ ሆነ፣ በሬው፣ ላሙ፣ በጉ፣ ዶሮው ስንት እንደ ሆነ፣ በጎተራ ያለው እህል፣ በእጅ ያለው ገንዘብ ይጻፋል። በዚሁ ገጽ ላይ የቤቱ ቁና ስንት ኪሎ እንደሚይዝ በሚዛን ተመዝኖ ይመዝገብ፤ ቁና ከአገር አገር ስለሚለያይ ያለዚህ ኩንታሉን ከቁናው ጋር ማገናኘት አይቻልም።

ሁለተኛው ክፍል የገንዘብ ነው። አምስት ዓምድ ይሰመርለታል፤ ቀን፣ ምክንያት፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። በዚህ ላይ የሚረሳ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሱም የእናት ገንዘብ ነው። የእንቁላሉ፣ የቅቤው፣ የጠላው ዋጋ በየገበያው ቀን ይገባል፤ በዚያው ቀን ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙናና የልጆች ደብተር ሆኖ ይወጣል። ትንሽ ነው ተብሎ አይጻፍም። በዓመቱ መጨረሻ ቢደመር ግን ቤቱን በክረምት ያቆመው ይኸው ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛው ክፍል የእህል ነው። ከአውድማ የገባው በአንድ ወገን፣ ከጎተራ የወጣው በሌላው ወገን ይጻፋል። የወጣው ለዘር፣ ለምግብ፣ ለሽያጭ፣ ለባለ እኩል ድርሻ፣ ለስጦታ፣ ለተዝካርና ለሠርግ እየተባለ ይለያል። ዘሩ ከሁሉ አስቀድሞ ይለይ፤ ተለይቶም «ወጥቷል» ተብሎ ይጻፍ፤ የወጣ እህል አይበላምና።

አራተኛው ክፍል የዕዳ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል የተወሰደው ማዳበሪያ፣ ከብድር ተቋም የተወሰደው ገንዘብ፣ ከጎረቤት የተበደሩት ዘር፣ ለሰውም ያበደሩት ሁሉ ከቀኑ፣ ከመጠኑና ከምስክሩ ጋር ይገባል። ወንፈል የተገባበት ቀንም በዚሁ ላይ ቢጻፍ መልካም ነው፤ ያልተመለሰ የወንፈል ቀን ስንቱን ጎረቤት እንዳቀያየመ የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ከእነዚህ ከአራቱ ክፍሎች በአንዲት ዓመት ውስጥ የሚገኘውን ጥቅም በአንድ ስሌት ላሳይ። የጥር ወር ሲገባ በጎተራ 6 ኩንታል፣ ማለት 600 ኪሎ እህል አለ እንበል። የእህሉ ክፍል ቤተ ሰቡ በቀን 3 ኪሎ እንደሚፈጅ ያሳያል። 600 ለ3 ሲካፈል 200 ቀን ይሆናል። ከጳጉሜ በቀር የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው ቀላል ነው፤ ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ያለው 180 ቀን ነው፤ የቀረው 20 ቀን ሐምሌ 20 ላይ ይጨርሳል። አዲሱ ጤፍ የሚገባው በኅዳር መጨረሻ ቢሆን፣ ከሐምሌ 21 እስከዚያ ድረስ ጳጉሜን ጨምሮ 135 ቀን አለ፤ ለዚህም 405 ኪሎ ያስፈልጋል። እንግዲህ ይህ ገበሬ ዋጋው በወደቀበት በጥር ወር አራት ኩንታል ቢሸጥ፣ ያንኑ አራት ኩንታል ዋጋው በናረበት በነሐሴ መልሶ ይገዛዋል ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ የቀረው ሁለት ኩንታል በመጋቢት 7 ስለሚያልቅ ችግሩ ገና በጾሙ ወራት ቤቱን ያንኳኳል። ይህን ነገር በጥር የሚያውቅ ሰው ወይ ሽያጩን ይቀንሳል፣ ወይ ማሽላና ገብስ ይጨምርበታል፣ ወይም ዋጋው ሳይወጣ አንድ በግ ሸጦ እህል ይገዛል። በነሐሴ የሚያውቀው ሰው ግን ያለው መንገድ አራጣ ብቻ ነው። ዝናብን ደብተር አያዘንበውም፤ ችግር የሚመጣበትን ወር ግን አስቀድሞ ይናገራል።

«ማን ይጽፈዋል?» የሚለው ጥያቄ አስቸጋሪ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ከቆጠሩት አባቶችና እናቶች ዛሬም ማንበብና መጻፍ የሚችሉ አሉ፤ ከዚያም ወዲህ አምስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያለበት ቤት ብዙ ነው። ልጁ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ የቀኑን ይጽፋል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሳምንቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ አባትና እናት ሰምተው «ልክ ነው» ወይም «ይህ ቀርቷል» ይላሉ። በዚህ ዓይነት ልጁ መደመርና መቀነስን ከእውነተኛ ነገር ላይ ይማራል፤ ወላጆቹም የቤታቸውን ነገር አንድ ላይ ያውቃሉ።

ከጽሑፉ ይልቅ የሚያስቸግረው ፍርሃቱ ነው። ገበሬው ጽሑፍን የሚፈራበት ምክንያት አለው። ለብዙ ዘመን ስለ ገበሬው ምርት የሚጽፈው ሰው፣ ከገበሬው ምርት ለመውሰድ የመጣ ሰው ነበር። የዐሥራት ገማች መዝገቡን ይዞ ሲመጣ ገበሬው አዝመራውን አሳንሶ መናገርን ተማረ። በ1960 ዓ.ም. ዐሥራት ቀርቶ በምትኩ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ በጎጃም ገበሬው አጥብቆ ከተቃወመባቸው ምክንያቶች አንዱ «መሬቴ ይለካብኛል፤ ርስቴም ይነካብኛል» የሚል ሥጋት ነበር። በሌላ በኩል ግን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል የባልና የሚስት ስም የተጻፈበት የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ፣ ገበሬው ያንን ደብተር በጨርቅ ጠቅልሎ በሳጥን ግርጌ አኖረው፤ እንደ ዓይኑ ብሌንም ይጠብቀዋል። እንግዲህ ገበሬው የሚጠላው ጽሑፍን አይደለም፤ በእሱ ላይ የሚጻፈውን ነው። የሒሳቡም ደብተር ለእሱ የሚጻፍ፣ በእሱ ሳጥን የሚቀመጥ፣ ያለ እሱ ፈቃድ ማንም የማይገልጠው መሆኑ መታወቅ አለበት።

አሁን በመጀመሪያ ላይ ወዳስቀመጥነው ምክንያት እንመለስ፤ ይህ ንግግር ስለ ምን ለእርስዎ ሆነ?

ስለዚህ ነገር የራሴን ጉድለት ብናገር ይሻላል። እኔ የተወለድሁት ከዓለም ከተማ ጥቂት ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ ቀበሌ ነው። ሥራ ከያዝሁ በኋላ አንድ ዓመት ከደመወዜ ቆጥቤ ለአባቴ የበሬ መግዣ ላክሁ። በሚቀጥለው ዓመት ለጥምቀት ስሄድ በግቢው ውስጥ አዲስ በሬ አላየሁም። አልጠየቅሁም፤ አኮረፍሁ። ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ሳንቲም ሳልልክ ቀረሁ። አባቴም ኩራታቸው አላስቻላቸውምና አልጻፉልኝም። በሦስተኛው ዓመት ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ መጣና ነገሩን አንድ በአንድ ነገረኝ። በሬው ተገዝቶ ነበር፤ እንዲያውም አባቴ ከራሳቸው ጨምረውበታል። በክረምት ገደል ገባ። ቆዳውና ሥጋው ተሸጦ የማዳበሪያ ዕዳ ተከፈለበት። ወንድሜ ይህን ተናግሮ ዝም አላለም፤ «አንተስ የተቀበልኸውን ጽፈኸዋል ወይ?» አለኝ። በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ የመጣልኝን ጤፍ፣ እናቴ በየጊዜው የላኩልኝን ቅቤና በሶ፣ ልጄ ክርስትና የተነሣ ጊዜ ታስሮ የመጣውን በግ ቆጠረልኝ። ሁለታችን ተቀምጠን በአዲስ አበባ ዋጋ ብናሰላው፣ የተቀበልሁት ከላክሁት በልጦ ተገኘ። ለካ ባለ ዕዳው እኔ ኖሬአለሁ።

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ከእኛ ከከተማ ሰዎች ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። የላክነውን ገንዘብ የባንክ ደረሰኝ ስላለው እናውቀዋለን፤ የተቀበልነው እህል ግን ደረሰኝ የለውም። ቂም የሚያድረው በዚህ በመካከሉ ነው። «የዘመድ ጥል የሥጋ ትል» የተባለው፣ ወንድምና ወንድምን የሚያለያየው ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ክፋት ሳይሆን ያልተጻፈ ሒሳብ ስለሆነ ይመስለኛል።

ስለዚህ ወደ አገርዎ ሲሄዱ ደብተሩን ይውሰዱ። ነገር ግን እንደ ተቆጣጣሪ ሆነው አይሂዱ። አባትዎን «የላክሁት ምን ደረሰ?» ብለው ሒሳብ አይጠይቁ፤ ልጅ አባቱን የሚመረምርበት ቤት በረከት የለውም። ከዚህ ይልቅ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የራስዎን ዕዳ ይጻፉ፤ «በዚህ ዓመት ይህን ያህል ጤፍ፣ ይህን ያህል ቅቤ ተቀብያለሁ» ብለው በፊታቸው ያንብቡት። አባትዎ ያን ሲሰሙ ደብተሩ ለወቀሳ ያልመጣ መሆኑን ይረዳሉ። ቀጥሎ ያለውን ራሳቸው ይናገራሉ፤ ልጁም ይጽፋል።

የመሥሪያ ቤትዎን ሒሳብ ሰኔ 30 ቀን ሲዘጉ የአገር ቤቱንም ያስታውሱ። ያ ቀን ለገበሬው ከተመቸው ቀን አንዱ ነው፤ ያለፈው ዓመት እህል ምን ያህል እንደ ቀረ ይታያል፤ የአዲሱ ዓመት ዘር ወደ መሬት እየገባ ነው። የአሮጌው ዓመት ቀሪ ወደ አዲሱ ገጽ ይዛወር፤ ከበላዩም ቀኑ ይጻፍ። አምስት ዓመት እንዲህ የተያዘ ደብተር፣ የትኛው ማሳ ጤፍ እንደሚወድ፣ የትኛው እርባታ እንደሚያከስር፣ የትኛው ወር ቤቱን እንደሚያስጨንቅ ለልጅ ልጅ የሚያስተላልፍ ቅርስ ይሆናል። ዋጋው የአንድ ተማሪ ደብተር ዋጋ ነው።